ኳሷ አትጾምም

ጋሽ ዱጋል ከስኮትላንድ ሮም የመጡት ገና ጸጉራቸው ሳይሸብት፣ ለኳስ ተጫዋችነት ነበር። ጉልበታቸው ቢከዳቸው እሳቸው ኳስን አልከዱም፤ በየትንንሹ ከተማ ሲያሠለጥኑ አርጅተው፣ ዛሬ ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር የሐበሻ ልጆች ቡድን ይመራሉ። «ጋሽ» ያሏቸው ልጆቹ ናቸው፤ ከዋንጫ ይልቅ ይህ ያኮራቸዋል።

የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፉ ምድቡ ውስጥ ይቆያሉ፤ አለዚያ መውረድ ነው። ቀኑ የጣሊያኖች የነፃነት በዓል፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ነበር። ጋሽ ዱጋል እንደ ልማዳቸው ሙዝና ስኳር የበዛበት ሻይ ይዘው መልበሻ ክፍል ገቡ። የነካው የለም።

«ምነው፣ አሟችኋል?»

«ሁዳዴ ነው፣ ጋሼ» አለ አምበሉ ሳህለ አንገቱን ደፍቶ። «ቅዳሴ ሳይወጣ አንቀምስም።»

«ውሃም?»

«ውሃም።»

«አይዞዎት» አለ በረኛው ረዳ፣ «ባዶ ሆድ ቀላል ነው፤ እንደ ላባ እንበራለን!»

«ላባ መውደቁስ?»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ተናደው «ብሉ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ሌሊቱን ገበያ ዕቃ ሲያራግፍ ያደረ ልጅ ጾሜን አልፈታም ካለ፣ ምን ብለው ያስገድዱታል? የራሳቸውን ሻይ ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

«አሎራ» አሉ በጣሊያንኛ፣ «እንግዲህ ስሙኝ። ድሮ እንግሊዞች ኳስ ይዘው ሲጋልቡ፣ የእኛ የስኮትላንድ ሰዎች ቆመው ይቀባበሉ ነበር። ዛሬ ኳስ ይዞ የሚሮጥ እንዳላይ! ኳሷ ትሩጥ፤ እሷ አትጾምም።»

ጨዋታው ተጀመረ። የእነ ሳህለ ልጆች አጭር አጭር ይሰጣጣሉ፤ ባለጋራዎቻቸው ኳስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይራወጣሉ።

«ኧረ ልጆቼ!» ብላ ጮኸች ዘነበች ከደጋፊው መሃል፤ የረዳ አክስት ናት። «እንደ ሙሽራ ትራመዳላችሁ እንዴ?»

«ተያቸው፣ ሙሽሮቼ ናቸው!» አሉ ጋሽ ዱጋል።

ፀሐይዋ ስትበረታ በልተው የመጡት ማለክለክ ጀመሩ። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከረዳ እጅ ተነሥታ፣ ከእግር እግር እየዞረች፣ አንድም ባለጋራ ሳይነካት ሳህለ ዘንድ ደረሰች። ሳህለ ገፋት ብቻ፤ መረቡ ውስጥ ገባች። አንድ ለባዶ አለቀ።

በእረፍት ልጆቹ ውሃ አንቀምስም ሲሉ ያየው የባለጋራው አሠልጣኝ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «በዚህ ሙቀት ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ! ይህን ጽናት እንዴት አስተማሯቸው?»

ጋሽ ዱጋል ልጆቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔ ያስተማርኳቸው መቀባበል ነው። ጽናቱን ከእናታቸው ቤት ይዘውት መጡ።»