የአቶ ባየ የህሊና ጸሎት

አቶ ባየ ሞጣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፈዋል። አንድ ልጃቸውን ስጦታውንም በዚያው እስክሪብቶ አስተምረው ጠበቃ አደረጉት። ጠበቃ ሲባል ታዲያ እንደኛ አገር የድንበርና የበሬ ጠበቃ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ባንኩም ሲሚንቶ ፋብሪካውም ያለ እሱ ውል አይፈራረምም። ቀጥሎ አማካሪ ሆነ። አሁን ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አባቱን የሚያውቅ በሌለበት በእናቱ አገር በቢቸና ሊያስመርቅ ነው ተባለ። አባቱ ይህን የሰሙት ከሬዲዮ ነው።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ፤ ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ሰው በተሰበሰበበት «አባቴ እኚህ ናቸው» እንዲላቸው። ኮታቸውን አሳጥበው በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጉንደ ወይንን አልፈው ቢቸና እስኪገቡ ድረስ አጠገባቸው የተቀመጠውን መንገደኛ በልጃቸው ወሬ አደነቆሩት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ፣ ከሌላ አገር ተመድባ ከመጣች መክሊት ከምትባል አስተማሪ አጠገብ ቦታ አገኙ። መድረክ መሪው የስጦታውን የሥራ ታሪክ ደርድሮ ሲያበቃ ከመጽሐፉ አነበበ። የደራሲው አባት ስመ ጥር ዳኛ ነበሩ ይላል፤ ጉቦ አልቀበልም ስላሉ ተገደሉ፤ ልጃቸውም በሰባት ዓመቱ ያለ አባት ቀረ። «ከሞቱ አሟሟቱ» ይባላል፤ አቶ ባየን በማይክራፎን ገደሏቸው።

«ለኚህ ታላቅ ሰው የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት!» ተባለ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አቶ ባየ ግን እንደተቀመጡ ቀሩ።

«አባባ፣ ይነሡ እንጂ» አለች መክሊት ክንዳቸውን ይዛ። «ለሞተ ሰው እኮ ነው።»

ተነሡ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። ስጦታው ከመድረኩ ላይ ሆኖ አያቸው። አወቃቸው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁን ይናገራል» ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፋ፤ መጸለዩ ነው፣ የማያፍር! ደቂቃዋም አላልቅ አለች።

በኋላ ደራሲው ለገዢዎች መፈረም ጀመረ። አቶ ባየ መጽሐፍ ይዘው ተሰለፉ። ሽፋኑ ላይ «ስጦታው ባየ» የሚለውን ደጋግመው አነበቡ። አባት ሞኝ ነው፤ ከቀረብኩት አይጨክንም ብለው ነበር። ተራቸው ደረሰ። ልጃቸው ቀና ብሎ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው።

«ስምዎን ማን ልበል፣ አባባ?»

«ባየ» አሉ።

«ውይ፣ ከአባትዎ ጋር ሞክሼ ናቸው!» አለች መክሊት ከኋላቸው ደስ ብሏት።

«ደግ ስም ነው» አለ ስጦታው። «ለአቶ ባየ፤ መልካም ንባብ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ መጽሐፉንም በሁለት እጁ በአክብሮት አቀበላቸው።

አቶ ባየ መጮህ ይችሉ ነበር። መታወቂያቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ልጃቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይዋረዳል። ግን አልቻሉም። ጎንበስ አሉና ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለ ስጦታው። «ቀጣይ!»