«አትሳቂ» የተባለችው ልጄ

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ድሃ ነሽ ቢሉኝ እውነት ነው፣ አልቆጣም። ቆሻሻ ነሽ ያለኝ ግን ወዮለት! የልጄን ዩኒፎርም አጥቤ፣ ተኩሼ፣ የሚኒስትር ልጅ አስመስዬ ነው የምልካት።

የፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ፍንጭቷ ይላታል። ስትስቅ ያየ ሳይስቅ አያልፍም። ትምህርት ቤቱ ለተቸገሩ ልጆች ምሳ ያበላል፤ እሷም ትበላለች። እግዜር ይስጣቸው ብዬ መርቄያለሁ፣ አልክድም።

በቀደም ግን ፎቶ አንሺ አመጡ። ሹራቧን አስወልቆ፣ ጸጉሯን በትኖ፣ የተሰነጠቀው የሽንት ቤት ግድግዳ ሥር አቆማት። ልጄ ካሜራ ስታይ ሳቀች፤ ልጅ አይደለች?

«አትሳቂ!» አላት። «የከፋሽ ምሰይ፤ እንዲያዝኑልሽ።»

ያ ፎቶ በር በሚያህል ሸራ ታትሞ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ይህችን ምስኪን ይርዱ» ይላል። ፍንጭቷ እሱን አይታ መጥታ ብርድ ልብስ ተከናነበች። «ብሞት በዚያ በር አልገባም» አለች። ፈተናው ደርሷል፤ ብለምናት ብቆጣት ወይ ፍንክች።

ደሜ ፈላ። የጎረቤት መሰላል ተሸክሜ ሄድኩና ሸራውን አወረድኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው!» አለ ዘበኛው።

«የገዛ ልጄን ነው የወሰድኩት፣ በላቸው!»

ወስጄ የሚያፈሰው ጣሪያዬ ላይ ዘረጋሁት። ይርዱ አይደል የሚለው? ይኸው ረዳ።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። «እሜቴ፣ የሚስቅ ልጅ አይቶ የሚሰጥ ለጋሽ የለም» አለኝ። «ሸራው ካልተመለሰ ምሳዋ ይቋረጣል።»

አንቱታዬ እዚያው ጠፋብኝ። «መጀመሪያ ያንተን ልጅ ሹራብ አስወልቀህ እዚያ ግድግዳ ሥር አቁማት! ምሳህንም ያዘው። ከጉሮሮዬ ነጥቄ አበላታለሁ!» በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በኩራት ነገርኳት። የምታጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር። ከብርድ ልብሱ ብቅ አለችና «እማ፣ ምሳውን ለምን ተውሽለት?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ያስቀየመኝ ፎቶው ነው፤ ምሳው ምን አደረገኝ? ፊቴም የኔ ነው፣ ምሳዬም የኔ ነው። ሁለቱንም አልተውለትም።»

ወይ ጉድ! የወለድኳት ልጅ መከረችኝ።

በማግስቱ ዩኒፎርሟን ተኩሼ ላክኋት። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ፍንጭቷ ሳህኗን ይዛ ሰልፉ ፊት ቆማለች። ዳይሬክተሩ እጁን አጣምሮ ያያታል።

«ልጄ፣ ያንቺ ተቋርጧል ተብያለሁ» አለቻት ወጥ ቤቷ ቀስ ብላ።

«ርቦኛል!» አለች ልጄ ሁሉም እንዲሰማ። «ሳልበላ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ወጥ ቤቷ ከኋላዋ ያለውን ልጅ ና አለችው። አልመጣም። ቀጣዩንም ጠራች፤ እሱም ሳህኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ሰልፉ ቀጥ አለ። ዳይሬክተሩ ልጆቹን አየ፣ በቀዳዳው እኔን አየኝ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስጫት» አለ።

ጭልፋው ሞልቶ ሳህኗ ላይ ወረደ። ልጄም ወደሱ ዞር ብላ ፍንጭቷ ወለል ብሎ እስኪታይ ሳቀችበት።