ነጩ የፎም ሣጥን

የልጄ አክስት ቅዳሜ መጥታ ልጄን ልትወስዳት ነበር። ልጄ ስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ሳምንት ሆኗል፤ መድኃኒቷ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በየቀኑ ክሊኒክ እየተመላለስን ነው የምትወጋው። እኔ ቤት ፍሪጅ የለም። አክስቷ ቤት አለ።

«ለጥቂት ጊዜ ነው» አለችኝ አክስቷ፣ የሟቹ ባሌ እህት። «ብትጨነቂ ብትጠበቢ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መድኃኒት አይቆይም። እልህ ፍሪጅ አይሆንም፣ እቴ!»

ለጥቂት ጊዜ የሄደ ልጅ እንዴት እንደሚቀር አውቃለሁ። ክሊኒክ ሄጄ ሲስተሯን ፍሪጅ የግድ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የግድ ቅዝቃዜው ነው» አለችኝ። «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ቅዝቃዜውን አንድ ቀን ከነሌሊቱ ለክተሽ ካሳየሽኝ መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ።» ቴርሞሜትር አዋሰችኝ።

ዓሣ ሻጮች በረዷቸው እንዳይቀልጥ በነጭ ፎም ሣጥን ሲይዙት አይቻለሁ። እኔም ቴሌቪዥን ከሚሸጥበት ሱቅ ደጅ የተጣለ ማሸጊያ ፎም ለቃቀምኩ። ዘበኛው ሳቀብኝ።

«ቴሌቪዥን ገዛሽ እንዴ?»

«ልብሱን ብቻ ነው የወሰድኩት፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።»

ፎም ብዙው አየር ነው፤ ክምሩን ተሸክሜ ትከሻዬ አልተሰማውም። በምላጭ ስቆርጠው ግን ፍርፋሪው ፀጉሬ ላይ፣ ክንዴ ላይ ተለጠፈ፤ ባራግፈው ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ይዘላል።

ማጣበቁን ለወንድሜ ተውኩለት። ጫማ ሰፊ ነው። «እኔ ያጣበቅኩት ተላቆ አያውቅም» ብሎ እንደ ጫማ ሶል ሁለቱንም ጎን ማስቲሽ ቀባና እስኪደርቅ ጠበቀ። ፎሙ ትኩስ ሻይ እንደነካው ስኳር ሟሟ። ዓይናችን እያየ የሣጥኑ ግድግዳ ጉድጓድ ሆነ።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው ያመጣሽው?» ብሎ ተቆጣ።

የማስቲሹን ቆርቆሮ አንስቼ አዟዟርኩት። ማንበብ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ደቃቅ ነበር። ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ለፎም አይሆንም፣ ያሟሟዋል ይላል።

«ሃያ ዓመት አብሮህ ኖሮ አንድ ቀን አላየኸውም?»

«እኔ ጫማ ነው የምሰፋው፣ ፎም አልሰፋ!»

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ደጅ ተመለስኩ፤ ዘበኛው ሌላ ማሸጊያ አስቀምጦልኝ ነበር። በውሃ በሚቀጥን የእንጨት ኮላ አጣብቄ መገጣጠሚያውን በፕላስተር አሸግኩት። መሃሉ ላይ የፎም ክፋይ አቆምኩ፤ በረዶው ከዚያ ማዶ፣ መድኃኒቱ ከዚህ ወዲህ ሆነው እንዳይነካኩ። ሣጥኑን ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ፎም እሳት ካገኘው አይምርም።

ዓርብ ጠዋት ከጭማቂ ቤት ውሃው በረዶ የሆነ ጠርሙስ አምጥቼ ከተትኩ፤ በመድኃኒቱ ቦታ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ከቴርሞሜትሩ ጋር አስቀመጥኩና ዲግሪውን መጻፍ ጀመርኩ። አራት። አምስት። አምስት። ቀትር ላይ ዘጠኝ አለ። ምኑ ተበላሸ ብዬ ሳስብ ገባኝ፤ አላስችል ብሎኝ በየሩብ ሰዓቱ ክዳኑን እየከፈትኩ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄን ከክዳኑ ላይ ለማንሳት መሐረብ ማጠብ ያዝኩ፤ ያልቆሸሸውንም አጠብኩ። ማታ ጠርሙሱን ቀየርኩ፤ ሲነጋ አምስት ነበር።

ቅዳሜ ሣጥኑን ይዘን ስንወጣ አክስቷ ለልጄ ልብስ ያመጣችውን ሻንጣ እንደያዘች ክሊኒክ ድረስ ተከተለችን። ሲስተሯ ወረቀቴን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ይሄ ዘጠኝ ምንድነው?»

«አላልኩም?» አለች አክስቷ።

«እሱ የፎሙ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ጭንቀት ነው» አልኩ። «ስከፍት ስዘጋ ነው የሞቀው። መክፈቱን ትቻለሁ፤ ከታች ያለውን እይው።»

ሲስተሯ አየች። «ዘጠኙን ባትጽፊው ኖሮ ሌላውንም አላምንሽም ነበር» ብላ ተነሳችና ከፍሪጇ መድኃኒቱን አወጣች። «በቀን ሁለቴ ብቻ ነው የምትከፍቺው። ቴርሞሜትሩ አንቺ ጋር ይቆይ።»

«ነገ ቢበላሽስ?» አለች አክስቷ። «ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ ነኛ! እናቷ አይደለሁም?»

የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከክፋዩ ወዲህ አስቀምጬ ክዳኑን ገጠምኩ። አክስቷ ሻንጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የልጄን ናፍቆት ካልቻለችው እሁድ ቤታችን እንድትመጣ ነገርኳት፤ ልጄ ሣጥኑን አቅፋ ከፊቴ ወጥታ ነበር።