የሙህሲን ልጅ

ችሎቱ ውስጥ ጀዊሪያ ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች። እናቷ ግን በሩ ላይ ቆማለች። ሀስና ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ያም ሆኖ ልጇ ሰው ቤት በገባች ቁጥር ተከትላ ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች። በሕይወት ሳለችም ሳትጠራ ገብታ አታውቅም። በልጅነቷ ተገዝታ ሙህሲን ቤት የመጣች ሴት ነበረች፤ አዋጁ ባርነትን ከሻረ በኋላም የትም አልሄደችም።

ክርክሩ ስለ አንድ ማሳ ነው። የሙህሲን ልጅ ሰይዳ ባሏን ቀብራ፣ ሳትወልድ ሞተች። ጀዊሪያ አብራት አደገች፣ አብራት አረጀች፣ ስትታመም አገላበጠቻት፣ ስትሞትም አጠበቻት። አርባዋ ሳይወጣ የሰይዳ ወንድም ልጅ ጀሚል ከጎብዬ መጥቶ «የአያቴ መሬት ነው፣ ልቀቂ» አላት። ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላው ላይ የሚለቀውን ቦይ የቆፈረው ግን አባቷ ዒምራን ነው። እሱም እንደ እናቷ የሙህሲን ንብረት ነበር።

መታወቂያዋ «ጀዊሪያ ሙህሲን» ይላል። ልማዱ እንዲያ ነበር፤ የተገዛ ሰው የወለደው ልጅ በጌታው ስም ይጠራል። የቀበሌ ጸሐፊም የተነገረውን ጻፈ። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ጠበቃዋ ሂባ መታወቂያውን ስታይ ፊቷ በራ።

«የሙህሲን ልጅ ነኝ ይበሉ፣ አለቀ። አብራት የኖረች እህት ከወንድም ልጅ ትቀድማለች።»

«አባቴ ዒምራን ነው።»

«ዒምራን ወረቀት ላይ የለም፣ እማ ጀዊሪያ።»

«ሰዉ ሁሉ ያውቃል እኮ።»

«ይወቅ። ባሪያ የምትለዋን ቃል ዳኛ ፊት የሚያወጣት ራሱ ነው የሚዋረደው።»

ሂባ አልተሳሳተችም። የጀሚል ምስክር ዘይኑዲን ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ይህች ሴት ለሟች ምኗ ናት?» አለ ዳኛው።

«አብረው ነበር የሚኖሩ።»

«ዝምድናቸውን ነው የጠየቅሁዎ።»

«እዚያው ቤት ነው የተወለደች።»

«ከማን?»

ሽማግሌው ጀሚልን አዩት። ጀሚል ጫማውን አየ። ከኋላ አንዱ ባለጉዳይ «ኧረ ይገላግሉን አባ፣ ማሽላችንን ወፍ ጨረሰው» ሲል ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«እኔ እንግዲህ መቃብሬ ተምሷል» አሉ ዘይኑዲን። «በዚህ እድሜዬ የሰው ገመና አልገልጥም።» ተቀመጡ።

ዳኛው ወደ ጀዊሪያ ዞረ። ቁርኣን ይዛ ምላለች። «ሙህሲን አባትዎ ነው?»

በሩ ላይ እናቷ ሻሿን አስተካከለች። የሰውን አባት አባቴ ማለት ሐራም መሆኑን ጀዊሪያ ታውቃለች። ማሳውን ብትለቅ ደግሞ የምትገባበት ዘመድ የላትም፤ በሰባ ዓመቷ ሮቢት መንገድ ዳር እጇን ልትዘረጋ ነው።

«አዎ» አለች። «አባቴ ነው።»

ቀና ስትል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ውሳኔው በሳምንቱ ተነበበ። ማሳው ለሟች እህት ለጀዊሪያ ሙህሲን ጸና። ጀሚል ይግባኝ አልልም አለ። ሂባን ገረማት፤ ደስ ብሏት ግን ብዙም አላሰበችበት።

ከግቢው ሲወጡ ጀሚል ባጃጅ አቁሞ ይጠብቃቸዋል። ወርዶ የጀዊሪያን ትከሻ ሳመ።

«ነይ ላድርስሽ፣ አክስቴ።»

ከዚያ ቤት ሰው እንዲህ ብሎ የጠራት የለም።

«ዳኛው አዛመደን፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ሳቀ። «ብዪው፣ ይባርክልሽ። ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ። ከወንድምሽ ልጅ በቀር ማን ይቀብርሻል? ማንስ ይወርስሻል?»

ጀዊሪያ ጠበቃዋን አየቻት። ሂባ የውሳኔውን ግልባጭ ገልጣ እንደገና ታነብ ነበር። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ።

ጀዊሪያ በእግሯ መንገድ ጀመረች። ባጃጁ ተነሥቶ ከጎኗ ቀስ እያለ ሄደ። ጀሚል አልቸኮለም።