አንድ አፍ ሲቀነስ

የጭነት መኪናው ባለቤት መኪናውን ከነተሳቢው ሸጦ ካስረከበ በኋላ ነው ለሹፌሩ የነገረው። ሹፌሩ ከመኪናው ያወረደው ብርድ ልብሱን፣ የሻይ ፔርሙዙን እና በብዙ ዓመት መቀመጥ መሃሉ የጎደጎደ ትራሱን ነው። እነሱን ታቅፎ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። እናቱ በሩን ከፈተችለትና ትራሱን አይታ ነገሩ ገባት። ምንም ሳትጠይቅ "ግባ፣ ሻይ አለ" አለችው።

ይህ ሰው ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ጓደኞቹ "ሞተሩ" የሚሉት ለዚሁ ነው። ሌላው ሹፌር ጭነት እስኪራገፍ ጥላ ሥር ጋደም ሲል እሱ ጎማ ይመታል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ሲብስበትም የማያውቀውን ሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ ያያል። ሥራ ፈትቶ ቤት በዋለባቸው የመጀመሪያ ቀናት የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቀ፣ ሲጢጥ የሚለውን በር ዘይት ቀባ፣ እግሩ የተናጋውን ወንበር ቸነከረ። ከዚያ የሚጠገን ነገር አለቀበት። ዓይኑ የቤቱ ወጪ ላይ ያረፈው ያኔ ነው።

እርግጥ ወጪው መቀነስ ነበረበት። ሚስቱ አንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ከደመወዟ ቤቱን የሠሩበት ብድር ተከፍሎ የሚተርፈው፣ ለእነሱና ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አብራቸው ለምትኖረው ለእናቱም፣ የወሩን አጋማሽ አያሻግርም።

"የቤቱን ነገር ለእኔ ተይው" አላት ሹፌሩ።

ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ሲገርፋት ውላ ነበርና ለመከራከር አቅም አልነበራትም፤ ተወችለት። ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው።

የሳሎኑን አምፖሎች ግማሹን ፈታ፣ የኮሪደሩን ጨርሶ አወለቀ። የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን በምስማር በስቶ፣ በዚያች ቀዳዳ ከሚንጠባጠበው ሌላ ድስት ውስጥ ጠብ እንዳይል አዘዘ። የሳሙና ቁርጥራጮችን በሙቅ ውሃ አለስልሶ አንድ ላይ ጠፈጠፋቸውና፣ አረንጓዴም ሮዝም ነጭም የሆነ፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር ሳሙና ሠራ። ልጆቹ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ "ውሃው! ውሃው!" ይላል። ትልቋ ልጁ ከውስጥ ሆና ለእህቷ "ዝጊው ዝጊው፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ መጡ!" ትላለች፤ ሁለቱም በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሽንኩርትና ድንች ከሰፈር ሱቅ መግዛት ቀረ። ከተማው ጫፍ ካለው የጅምላ ገበያ በእግሩ ሄዶ፣ ጆንያውን ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል። ሚስቱ አንድ ቀን ጫማውን ገልብጣ አየችው፤ ሶሉ አልቆ ተበስቷል።

"የሽንኩርቱን ትርፍ ጫማህ በልቶታል" አለችው።

"እግሬን ላፍታታበት ብዬ ነው።"

"እግርህ መቼ ተሳስሮ ያውቃል?"

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ሳቅም ነበረበት። የተበላሸው በስኳሩ ምክንያት ነው። እናቱ ሻይ የምትጠጣው ሲበዛ አጣፍጣ ነው። ከዚያ ሌላ ለራሷ የምትለው ነገር የላትም፤ አዲስ ቀሚስ ቢገዙላት እንኳ ለልጅ ልጆቿ አሳንሼ ካልሰፋሁት የምትል ሴት ናት። አንድ ጠዋት ሹፌሩ የስኳሩን ዕቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና ጮኸ።

"ይሄ ስኳር በየት በኩል ነው የሚወጣው? ትናንት ሙሉ አልነበረም እንዴ? በዚህ ቤት ስኳር የሚቅም ሰው አለ ማለት ነው!"

የጠረጠረው ትንሿን ልጁን ነው፤ ጣቷን ስትከት አይቷታል። እናቱ ግን ብርሃን በሌለው ኮሪደር ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሰማችው። እዚያ መኖሯን ማንም ልብ አላለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። ሚስቱ ምነው ብላ ብትጠይቃት "ለጉልበት አይሆንም አሉ በሬዲዮ" አለች። ቀጥሎ እራት ተወች። "ምሳዬ አልወረደልኝም" ትላለች፤ በነጋታው ደግሞ "አፌን መረረኝ"። ለወሬ አይመችም እንጂ፣ ሹፌሩ የድስቱን ክዳን ከፍቶ የተረፈውን ሲያይ በልቡ ደስ ይለው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ አንድ ነገር ይዛለት መጣች። አብራት የምትሠራ ሴት ወንድም ዳቦ ቤት አለው፤ ለየሱቁ ዳቦ የሚያደርስ ሹፌር ይፈልጋል።

"የዳቦ መኪና?" አለ። "እኔ?"

"ምን አለው?"

"ተሳቢ ጎትቼ አገር ያቋረጥኩ ሰውዬ፣ ሰፈር ለሰፈር ዳቦ ሳዞር ጓደኞቼ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?"

"'ዳቦ ስጠን' ይሉሃላ" አለች ሚስቱ።

ተነስቶ ሄደና የውሃ ቆጣሪውን ማየት ጀመረ።

በማግስቱ ከገበያ ሲመለስ ትልቋን ልጁን በር ላይ ቆማ አገኛት። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"አያቴ ሄደች" አለችው።

"የት?"

"አክስቴ ጋ። ልብሷን በሙሉ ይዛ።"

የእናቱን ክፍል ከፈተ። ወለሉ ተጠርጓል። አንሶላና ብርድ ልብሱ ታጥፎ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ኮቷ የለም። ልክ ተከራይ ሲለቅ እንደሚያስረክበው ክፍል ነበር። ጆንያውን ከትከሻው ማውረዱን ረስቶ እንደተሸከመ ወጣ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የታክሲውን ሂሳብ ሳያሰላ ታክሲ ተሳፈረ።

እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የምትኖረው ከፀጉር ቤቷ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፀጉር ቤቱ ሲገባ ሦስት ሴቶች ወረፋ ይጠብቃሉ፤ እናቱ ጥግ ላይ በርጩማ ስባ የደረቁ ፎጣዎች መሃል ተቀምጣ ታጥፋለች። እጇ ይፈጥናል።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ምን እሆናለሁ? ልጄ ቤት መጣሁ። እሷስ ልጄ አይደለችም?"

"ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህ ትለቀኛለህ?"

እህቱ የደንበኛዋን ፀጉር በአንድ እጇ እንደያዘች ዞር አለች። "የእናትህን ስኳር ትለካለህ አሉ! አታፍርም?"

"እኔ? የማንን ስኳር?" አለ። ከዚያ ገባው። "ትንሿን እኮ ነው ያልኩት! ጣቷን የምትከተው እሷ ናት! እማዬ ሙች ትንሿን ነው!"

ፀጉሯን የምትሠራው ሴት በመስታወቱ ውስጥ አየችውና ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን እግሩ አላስቆም ብሎት ጠባቧ ፀጉር ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፤ የመሳቢያውን የላላ እጀታ አገኘና በጥፍሩ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

"ተወው እሱን!" አለች እህቱ።

"ቁጭ በል" አለች እናቱ።

የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። መስታወቱ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ያኔ ነው ጆንያውን ያወረደው።

እናቱ ፎጣዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ማንንም በል ማንን፣ ያልከው ልክ ነው። ቤቱ አልበቃ ብሏል። ሁላችሁም የምትችሉትን ስትቀንሱ እኔ የምቀንሰው ባጣ ራሴን ቀነስኩ። ይኸው ነው። አልተቀየምኩህም።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"ደግሞ ክፍሌን አከራዩት" አለች። "ከዚያ ሠፈር ተማሪ አይጠፋም። ኪራዩ ብድራችሁን ያግዛል።"

"እናቴን አስወጥቼ ክፍሏን ላከራይ?"

"ማን አስወጣኝ? በእግሬ ነው የመጣሁት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አንተ ስትሽከረከር አይሃለሁ፤ ራሴን ያዞረኛል። እዚህ እጄ ሥራ አገኘ። እናንተ ጋ አፍ ነበርኩ፣ እዚህ እጅ ነኝ።"

ብዙ ለመናት። ደንበኞቹ ሳይቀሩ ለመኑለት። እሷ ግን ፎጣዋን አንስታ ማጠፍ ቀጠለች።

ቤቱ የተመለሰው በእግሩ ነው፤ ለቁጠባ ሳይሆን፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ስላልቻለ። ሚስቱ ከሥራ ገብታ ጠበቀችው። ልጆቹ ነግረዋት ነበርና ዓይኗ ቀልቷል። የሆነውን አንድም ሳያስቀር ነገራት። ኪራዩ ጋ ሲደርስ፣ ያልጠበቀውን ተናገረች።

"ሐሳባቸው መጥፎ አይደለም።"

"ምን አልሽ?"

"አትጩህ። እኔ እማማ እንዲሄዱ ፈልጌ ነው? ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ግን አንተ አምፖል በማውለቅ ያዳንከውንና የዚያን ክፍል ኪራይ እስቲ አስተያየው። ስትለፋ እያየሁ ዝም አልኩህ እንጂ፣ በሽንኩርት ብድር አይከፈልም። ወይ ክፍሉን አከራይ፣ ወይ ዳቦውን ንዳ። ሌላ ያለን ነገር የለም።"

በሩን ከፍቶ ወጣ።

እግሩ በልማድ ወደ ጭነት መኪኖች ማቆሚያ ወሰደው። ጓደኞቹ አንድ የቆመ መኪና ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። "ሞተሩ! ገና አልተነሳህም?" ብለው ተሳሳቁበት። ሥራ ካለ ብሎ ጠየቀ። ከመካከላቸው ሽበቱ የገነነው፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ፣ በአገጩ የተደረደሩትን መኪኖች አሳየው። "እነዚህ ሁሉ የቆሙ ናቸው። አንተ ቀድመህ ወረድክ እንጂ ሁላችንም እየወረድን ነው።" ሹፌሩ መኪኖቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ አንዳንዶቹ ጎማቸው ሥር ሣር በቅሏል። ቢያዩኝ ምን ይሉኛል ብሎ የፈራቸው ሰዎች ራሳቸው መላ አጥተው ተቀምጠዋል። አብረው እንዲጫወት ቦታ ቢለቁለትም አልተቀመጠም።

ከዚያ በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ባለቤቱ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ፣ ወፍራምና ፈጣን ሰው ነበር።

"ስላንተ ነግረውኛል፤ ተሳቢ ነጂ ነህ አሉ" አለና በር ላይ የቆመችውን ትንሽ ነጭ መኪና አሳየው። "ይህቺን ምን ልታደርጋት ነው? በብብትህ ትይዛታለህ?"

"አንተ መንገዱን ንገረኝ ብቻ" አለ ሹፌሩ።

ደመወዙ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ መሪው ሥር ይወተፋል፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ክርኑ በሩን ይመታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የድሮ ጓደኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ አየውና ከከባድ መኪናው አናት ላይ "ሞተሩ! ጭነቱ የታለ?" ብሎ ጮኸ። የሹፌሩ ፊት ቲማቲም መሰለ። ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ትኩስ ነው፤ ከፈለግህ ክፈልና ውሰድ" አለው። ሰውዬው የምር ወርዶ ገዛ።

የሥራው መንገድ በእህቱ ፀጉር ቤት በኩል ያልፋል። አንድ ጠዋት አቁሞ ገባ፤ አዲሱን ሥራውን ነገራትና "በይ አሁን ተነሽ፣ ወደ ቤት" አላት እናቱን።

"የት ልነሳ? የሰርግ ሰሞን አይደል እንዴ! ይሄን ሁሉ ጥዬባት ልሂድ?"

"እከፍላታለሁ እኮ" አለች እህቱ። "ከእሷ ወዲህ ፎጣ ጠፍቶብኝ አያውቅም።"

እናቱ ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሸሚዙ ላይ ዱቄት አለ፤ ከስቷል። ተነስታ የሸሚዙን ትከሻ አራገፈችለት።

"ማደሪያዬን እናንተ ጋ አደርጋለሁ" አለች። "ሥራዬን ግን አልለቅም። ደግሞ ከእንግዲህ የኩሽናው ጉዳይ የእኔና የሚስትህ ነው። አንተ ኩሽና ድርሽ አትልም።"

"ሻይ ለማፍላትስ?"

"ለሻይ ትገባለህ።"

ሁለቱ ሴቶች ሥልጣኑን በያዙ ዕለት መጀመሪያ የቆረጡት፣ በዚያ ሁሉ ቁጠባ እሱ ያልነካውን የሲጋራውን ወጪ ነው። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ምን ብሎ ይከራከራል? ዳቦ ቤቱ ያልተሸጠ የትናንት ዳቦ ለሠራተኛ ይሰጣል፤ ሚስቱ ደግሞ በዕረፍት ቀኗ የጎረቤት መጋረጃ እየተኮሰች ጥቂት ታገኛለች። እንደዚያም ሆኖ ወሩ ሲያልቅ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ብቻ ብድሩ ይከፈላል፣ ክፍሉም አልተከራየም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ሲያደርስ እናቱን አሳፍሮ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ያወርዳታል። ባለፈው ትልቁ መንገድ ላይ የመኪናው ሰልፍ አላንቀሳቅስ አላቸው። የፊተኛው መኪና ሞተሩን አጥፍቷል። ሹፌሩ ሲጋራ የለመደ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ መሪውን ይቆረቁራል፣ መስታወቱን ያስተካክላል፣ እንደገና ያበላሸዋል። የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሷል፤ የትንሿ ዩኒፎርም ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል፤ የትልቋ ቦርሳ ተቀዷል። ከየት እንደሚያመጣው እየቆጠረ ጮክ ብሎ ያወራል።

"የትልቋን ቦርሳ እኔ እሰፋዋለሁ" አለች እናቱ።

"ዩኒፎርሙስ?"

"ዩኒፎርሙን እንጃ" አለች። ትንሽ ቆይታ "ተንቀሳቀሰልህ፣ ሂድ" አለችው።

ሹፌሩ ማርሽ አስገባ፤ ከኋላ የዳቦው ሳጥኖች ተንኳኩ።