ሁለተኛው ቀብር

ከሀዋሳ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ ዳር የሆቴል መሠረት ሲቆፈር የጥንት መቃብር ወጣ። ወጣ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አርኪዎሎጂስቷ ሄራን እስክትደርስ አብዛኛው በሲኖትራክ ተጭኖ ሄዷል፤ የት እንደተደፋ የሚያውቅ የለም። የተረፈላት አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ በጎኗ የተጋደመች ሴት፣ ደረቷ ሥር ደግሞ የሕፃን ጭንቅላት።

መሐንዲሱ ፋሲል እስከ ሰኞ ማታ ታገሣት፤ ከዚያ ስካቫተሩ ይገባል። የሄራን ምኞት አጥንት ማትረፍ ብቻ አልነበረም። እናትና ልጅ እንዴት ተቃቅፈው እንደተኙ፣ ቀባሪዎቻቸው ምን አድርገውላቸው እንደሸኟቸው ማወቅ ፈለገች። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሁሉ ነገር ካለበት ሳይነቃነቅ ከቆየ ነው። ቅዳሜ ራስ ራሳቸውን ገልጣ ሲመሽባት፣ እሑድ ግቢው ስለሚዘጋ የቀረውን ለሰኞ አቆይታ ሸራ አለበሰቻቸው።

ዘበኛውን ጋሽ ኃይለሚካኤልን ጠርታ፣ «ጋሼ፣ አደራዎን! ዝናብም ውሻም እንዳይነካቸው» አለቻቸው።

«በእኔ ጣይው፣ ልጄ።»

እሑድ ዝናቡ ዘነበ፤ ምን ዘነበ፣ ሰማዩ ተቀደደ እንጂ። ሰኞ ማለዳ ሄራን ከባጃጅ ወርዳ ስትሮጥ ጉድጓዱ ውስጥ ያገኘችው የቆረ ውኃ ብቻ ነው።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ከቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ብቅ አሉ። ዓይናቸው አብጧል፤ ከትከሻቸው የማይጠፋው ጋቢም የለም።

«አይዞሽ፣ አደራሽን አልበላሁም» አሏት። «ጎርፉ ሊወስዳቸው ሲል አወጣኋቸው። አጥቤ በጋቢዬ ገነዝኳቸውና እዚያ ዋርካው ሥር ቀበርኳቸው። ሃይማኖታቸውን ስለማላውቅ ቄስ አልጠራሁም። ግን ሰው ያለ ለቅሶ ይቀበራል እንዴ? እኔው አለቀስኩላቸው።»

ሄራን ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ምን ብላ? አደራ ስትል ለምን መነካት እንደሌለባቸው መች ነገረቻቸው? ሽማግሌው ለሞተ ሰው የሚደረገውን ሁሉ፣ ብርድ እየመታቸው፣ ብቻቸውን አድርገዋል። ተናደደችባቸው፤ በንዴቷም አፈረች።

ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ቀይ የድንጋይ ዶቃ አወጡ። አጥበውታል። «ይኸው፣ ይህን አልቀበርኩትም፤ ትፈልጊው ይሆናል ብዬ።»

ሄራን ተቀበለቻቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ያስታውሱልኝ። ከእናቲቱ አንገት ነበር ወይስ ከልጁ?»

ሽማግሌው ዶቃውን አዩ፤ ጉድጓዱንም አዩ። ከልባቸው ለማስታወስ ሞከሩ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እያለቀስኩ ስለነበር አላየሁም።»

ፋሲል በጭቃው ውስጥ እየተራመደ መጣ። «ጨረስሽ?»

«አልቋል» አለችው፣ ዶቃውን ጨብጣ።

የስካቫተሩ ሞተር ተነሳ። ሄራን እንባዋን መያዝ አቃታት። ጋሽ ኃይለሚካኤል ተጠግተው ትከሻዋን ያዟት።

«አልቅሺላቸው» አሏት ቀስ ብለው። «ደግ አደረግሽ። ለእኔ ብቻ በዝተውብኝ ነበር።»