የዴይተን ነጭ መስመር

በአሥራ ሦስት ዓመት ዘጠኝ ክለብ ቀይሬያለሁ። ሚስቴ መጀመሪያ ሻንጣዬን መፍታት ተወች፤ ቀጥላ እኔን ተወችኝ። ሰው ሲጠይቀኝ በረኛ ነኝ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ መባረር ነው፤ በሱ ማንም አያህለኝም። ከታልሳ በስልክ፣ ከኤል ፓሶ በመልእክት፣ ከዴይተን ደግሞ ልብሴ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ታስሮ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው የወጣሁት።

ዘንድሮ ኢሪ ከተማ ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ውሌ በኅዳር ያልቃል፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመ በረኛን ደግሞ አሥረኛ ክለብ ዞር ብሎ አያየውም። እስከ ሰኔ ግቡ የእኔ ነበር። ከዚያ ኮልተን ማካሊስተር የሚባል፣ ቁመቱ የመብራት እንጨት የሚያህል የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ወሰደብኝ። መውሰዱንስ ይውሰድ፤ አፉን ነው ያልቻልኩት።

«ሽሜ፣ ጉልበትህ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማል እኮ» ይለኛል ልምምድ ላይ፤ ሽማግሌ ማለቱ ነው። «ዘይት ላምጣልህ?»

«አፍህን የሚዘጋ ነገር ካለ እሱን አምጣ።»

«ስትቆጣ እኮ ነው የምታምረው፣ ሽሜ።»

ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጠላሁት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዴይተን ላይ ደረሰን። ካሸነፍን ጥሎ ማለፍ እንገባለን። የዴይተን ሜዳ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቹ አሜሪካን ፉትቦል ይጫወቱበታል። ሰው ሠራሹ ሣር ላይ የእነሱ መስመር በወፍራም ነጭ፣ የእኛ በቀጭን ቢጫ ተቀብቷል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል ቢጫው ከሣሩ ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። ዕድሜውን ሙሉ ነጭ መስመር እያየ ያደገ በረኛ፣ ከቅጣት ምት ክልሉ ሁለት እርምጃ ወጣ ብላ ያለችው ነጭ የራሱ መስላው ኳስ በእጁ ይይዛል። የማውቀው ስለያዝኩ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ቀይ ካርድ አየሁ፤ ማክሰኞ ዕለት ፌስታሉ በር ላይ ነበር።

አሰልጣኛችን ሎይድ ፔትራኪስ መልበሻ ክፍል ውስጥ ወደ እኔ ዞረ።

«ዌንደል፣ አንተ እዚህ ሁለት ዓመት ተጫውተሃል። ልጆቹ ስለ ሜዳው ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ?»

«እሱ ሲጫወትበት እኮ ገና የበቆሎ እርሻ ነበር» አለ ኮልተን ጓንቱን እያጠበቀ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

«ሜዳ ሜዳ ነው» አልኩ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔም ዘጋሁት። ኮልተን ሰውነቱን ሲያሟሙቅ የክልሉን ጠርዝ በተረከዙ ሲለካ አየሁት፤ ነጩን። ወደ እኔ ዞሮ «ልክ ነው?» እንደማለት አውራ ጣቱን አነሳ። እኔም አነሳሁለት።

አንድ ለዜሮ እየመራን ሰባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አጥቂያቸው ብቻውን አመለጠ። ኮልተን ሮጦ ወጣ፣ አጥቂው እግር ሥር ወድቆ ኳሷን አቀፋት፣ ነጩ መስመር ላይ። እየሳቀ ተነሳ። ዳኛው ቀይ ሲያወጣበት ወደ ነጩ እያመለከተ ጮኸ፤ ዳኛው ግን ሁለት እርምጃ ተመልሶ ቢጫውን በጫማው ጫፍ አሳየው።

«ሽሜ፣ መስመሩ…» አለኝ በአጠገቤ ሲያልፍ። በእሱ ቦታ ልገባ ጓንቴን እያጠለቅኩ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ቅጣት ምቷ ከግድግዳው በላይ ወደ ቀኝ ማዕዘን መጣች። በጣቴ ጫፍ ነካኋት፤ ብረቱን መትታ ወጣች። የቀረውን ደቂቃ ሁሉ በጥፍሬ ቆሜ ጠበቅኩ። ፊሽካው ሲነፋ ተከላካዮቹ ላዬ ላይ ተከመሩ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

መውጫው ላይ መርል የቀለም ጋሪውን ይዞ ቆሟል። ያን ሜዳ ሃያ ዓመት የቀባ ሰው ነው።

«ዌንደል ክራውስ» አለ እየሳቀ። «ያኔ ያስባረረችህ መስመር ዛሬ አስገባችህ አይደል? ልጁን ብታስጠነቅቀው ኖሮ እስካሁን ወንበሩን ነበር የምታሞቀው።»

ፔትራኪስ ከኋላዬ ነበር። ሰምቷል። አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታውቅ ነበር?»

«አልጠየቀኝም።»

«እኔ ጠይቄህ ነበር።»

ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ብናሸንፍም ብንሸነፍም ዛሬ ልሰጥህ ነበር» አለ። «የበረኞች አሰልጣኝነት ውል፣ ለሦስት ዓመት። ሥራው ሌላ አይደለም፤ የምታውቀውን ለልጁ መንገር ነበር።»

ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተና ወደ ፊት ሄደ። ሦስት ዓመት አንድ ከተማ ኖሬ አላውቅም። ሻንጣዬን የምፈታበት ቤት በአንድ አውራ ጣት ሄደ።

ኮልተን ከፊቴ ካለው ወንበር ዞሮ የፒዛውን ካርቶን አቀበለኝ። ዓይኑ አብጧል፤ ሲያለቅስ ነበር።

«ብላ፣ ሽሜ» አለ። «አንተ ባትኖር የሁሉንም ዓመት አበላሽቼ ነበር።»

አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ስለ መስመሩ አሁንም አልነገርኩትም።